ባለ ሁለት ዓይኑ ሰይጣን

መካነ ሰላም የተመደብኩት የሥነ ውበት መምህር ሆኜ ነው። ሥዕል፣ ትንሽ ሙዚቃና ትንሽ የእጅ ሥራ አንድ ላይ ተጠቅልለው በዚያ ስም ይሰጡ ነበር። የከተማው ሰው ግን ስሙን በራሱ መንገድ ተረዳው። በመጣሁ በሳምንቴ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ጉንጫቸው ላይ የወጣውን ማድያት አሳዩኝና ምን እንደሚሻለው ጠየቁኝ። ጸጉር ቤት ያላት ጎረቤታቸውም የገበያ ቀን ሥራ ሲበዛባት ላግዛት እችል እንደሆነ ልካ ጠየቀችኝ። የምችለው ሥዕል መሣል ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ሁለቱም አዘኑልኝ።

ትውልዴ ወረኢሉ ነው። አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ሥዕል ስማር ከሁሉም የወደድኩት የሥዕል ታሪክን ነው፤ ከሥዕል ታሪክም የጭራቁንና የአጋንንቱን ክፍል። አስተማሪያችን መጋረጃውን ዘግቶ የድሮ ፈረንጆች የሣሉትን ሲዖል ግድግዳው ላይ ያበራልን ነበር። እግር አውጥቶ የሚሄድ ዓሣ፣ የወፍ ራስ ያለው ሰው፣ ሆዱ ላይ ሌላ ፊት የበቀለበት ጋኔን። ሌሎቹ ተማሪዎች በጨለማው ሲያንቀላፉ እኔ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። ለመመረቂያዬም ክንፍ ያላት አህያ ሣልኩ። አባቴ ለምረቃው መጥቶ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመና፣

«ጭነቱ የት ላይ ነው የሚያርፈው?» አለኝ።

«ጭነት የላትም። ትበራለች» አልኩት።

«እንግዲያ ማን ይገዛታል?» ብሎ ወደሚቀጥለው ተማሪ ሥዕል አለፈ።

እንዲህ ያለ ሰው ስለሆንኩ፣ ከመካነ ሰላም አንድ ሰዓት ያህል በእግር በምታስኬድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ሲዖልን ሊሥሉ ነው ሲባል ብሰማ፣ ቅዳሜን እንኳ በቅጡ አልጠበቅኩም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ተነሥቼ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያኗ ታድሳ ነበር። ጣሪያዋ ተቀይሯል፣ ግድግዳዋ ተለስኗል፣ የቀራት ሥዕሉ ብቻ ነው። ሠዓሊው ከከላላ በኩል የመጡ መሪጌታ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣማቸው ላይ ሁልጊዜ የሆነ ቀለም ጠብ ያለበት ሰው ነበሩ። ሰንበቴው ቤት ውስጥ ሸራ ወጥረው ይሥላሉ፤ ያለቀው ሸራ ተወስዶ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስገባ አላዩኝም። ካየኋቸው በኋላም ለብዙ ጊዜ አላዩኝም። በመጨረሻ ብሩሻቸውን ሳያነሡ፣

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

«ሥዕል ተምሬያለሁ። ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ስንት ዓመት ተማርክ?»

«አራት።»

«እኔ አራቱን ዓመት የፈጀሁት ለመምህሬ ቀለም በመፍጨት ነው። ብሩሽ የያዝኩት በአምስተኛው ነው። በል ያንን ሰማያዊ አማስለው።»

አማሰልኩት። በሚቀጥለው ሳምንትም ሄጄ አማሰልኩ። ከዚያ የሰማዩን ሜዳ መቀባት ፈቀዱልኝ፤ ከዚያ ደግሞ የልብሱን ጥለት። ሥራቸው ደስ ይላል። አንድ መስመር ሲያሰምሩ እጃቸው አይጠራጠርም። የጻድቁ ዓይን ትልቅ፣ ክብ፣ ሁለቱም ወደ እኛ የሚያዩ። የክፉው ሰው ፊት ግን ሁልጊዜ ወደ ጎን ይዞርና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ወታደሩም፣ ከሳሹም፣ ጋኔኑም እንዲሁ።

«መሪጌታ፣ ክፉው ለምን አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መምህሬ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ።»

«ምክንያቱስ?»

«አንተ መጀመሪያ እጅህን አፍታታ። ምክንያቱ ከእጅህ በኋላ ይመጣል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ በልቤ የችሎታ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ፊት ለፊት የሚያስፈራ ነገር መሣል ከባድ ነው፤ ስለዚህ አዞሩት ብዬ ደመደምኩ። አራት ዓመት የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይደመድማል።

የቤተ ክርስቲያኗ ዓመታዊ ንግሥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመሪጌታ ጥርስ ታመመ። መጀመሪያ በግራ ጉንጫቸው ላይ ጥምጣማቸውን ወደ ታች ስበው አሰሩት። ከዚያ ጉንጫቸው አበጠና ጥምጣሙ አልበቃ አለ። በስድስተኛው ቀን እህል መብላት ተዉና ደሴ ሄደው እንዲያስነቅሉ ተወሰነ። ሲሄዱ የቀረው የሲዖል ሸራ ብቻ ነበር። እሳቱን እሳቸው ሠርተውታል፣ ኃጥአኑም አልቀዋል፤ መሃል ላይ ሰይጣን የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ነው። በቅሎ ላይ ተቀምጠው፣ በግማሽ አፋቸው፣ «ሰማዩን ጨርስ። እሱን ተወው፣ ስመጣ እሠራዋለሁ» አሉኝ።

ሰማዩን ጨረስኩ። መሪጌታ ግን አልመጡም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አሥር ቀን ሆነ። የተነቀለው ጥርስ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ነበር የታመመው መሰለኝ፤ እንደገና ተነቅሎ፣ ድዳቸው ደግሞ አመርቅዞ፣ ደሴ ዘመድ ቤት ተኝተዋል ተባለ። በዚህ መሃል የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሰንበቴው ቤት መጡ። ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሲናገሩ ወፍጮው እየሠራ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው።

«መምህር፣ ይኼ ባዶው ምንድነው?»

«የሰይጣን ቦታ ነው። መሪጌታ ናቸው የሚሠሩት።»

«ንግሡ ስድስት ቀን ነው የቀረው። እንግዳ ሁሉ ይመጣል። ሰይጣን የሌለበት ሲዖል ልናሳያቸው ነው?»

«መሪጌታ ተወው ብለውኛል።»

ትንሽ አሰቡና፣ «ስማ፣ መልአክ ሣል ቢሉህ ይገባኛል፣ ትፈራለህ። ሰይጣን ለመሣል ግን ድቁና አይጠይቅም። እንዲያውም ተሳስተህ ብታበላሸው ማን ያዝናል?» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። መከራከር አልፈለግኩም። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ «ሰይጣን ሣልልን» እንዲለኝ ስጠብቅ የኖርኩ ነኝ።

በማግስቱ ከተማ ገብቼ ቀለም ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ሐጂ ናቸው፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቀለም ይሸጣሉ። ከእሳቸው ጋር በቀለም ምክንያት ተዋውቀን ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ መምህር። አብሽር፣ ዛሬስ ምን ልስጥህ?»

«ያ የብረት በር የሚቀባበት የሚያብረቀርቅ ነጭ አለ? ትንሿ ጣሳ ትበቃኛለች።»

«አለ። ለየትኛው በር ነው?»

«ለበር አይደለም። ለዓይን ነው።»

«ለማን ዓይን?»

«ለሰይጣን።»

ጣሳውን ይዘው ቆሙ። «አዑዙ ቢላሂ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በጣም አሰቡና፣ «እኔ ለሐጅ እዚያ አገር ድረስ ሄጄ፣ በዚያ ሙቀት ተጋፍቼ፣ ሸይጧንን በጠጠር ወግሬ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ከሱቄ ዓይን ሊገዛ ነው?» አሉኝ። ሸጡልኝ ግን። ስወጣ ከኋላዬ፣ «ሲያልቅ ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ። የወገርኩት እሱ መሆኑን ላረጋግጥ» አሉ።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ያየሁትን ሁሉ አስገባሁበት። የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የፍየል እግር፣ የጅብ መንጋጋ። ሆዱ ላይ ሌላ ፊት ላደርግለት ነበር፣ ቦታ አነሰኝ። ዋናው ግን ዓይኑ ነው። ፊቱን ወደ እኛ አዞርኩትና ሁለት ዓይን ሰጠሁት። ሞዴል ስላልነበረኝ የአከራዬን የግድግዳ መስታወት ተውሼ ሰንበቴው ቤት ወሰድኩ፤ ፊቴን አኮሳትሬ የራሴን ዓይን እያየሁ ሣልኩ። ብሌኑን በትክክል መሃል ላይ ካደረግከው ሥዕሉ የትም ብትቆም ያይሃል፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። በመጨረሻ በዚያች የሚያብረቀርቅ ነጭ በእያንዳንዱ ዓይን አንዳንድ ነጥብ ጠብ አደረግኩ። ነጥቧ ስታርፍ እኔው ራሴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። በጣም ደስ አለኝ።

ሸራው ከንግሡ ዋዜማ በፊት ተለጠፈ። ቦታው በደቡብ በኩል ነው፣ ሴቶች በሚቆሙበት። የደብሩ አለቃ በሥራ ብዛት አሻግረው ብቻ አዩትና፣ «ቀዩ አምሯል» ብለው አለፉ።

የንግሡ ዕለት ማለዳ በወንዶቹ በኩል ቆሜ አንገቴን አስግጌ እከታተል ነበር። መጀመሪያ የመጡት ሴቶች እንደ ልማዳቸው ገቡ፣ ሰገዱ፣ ቀና አሉ። ከዚያ አንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ጎትታ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄደች። ቀና ብላ አየች። እንደገና ሁለት እርምጃ ሄደች። ከኋላ የገቡትም እንዲሁ። ቅዳሴው ሳይጋመስ የደቡቡ በኩል ባዶ ሆኖ ሴቱ ሁሉ ወደ ምዕራቡ በር ተገፍቶ ወንዶቹ ላይ ደርሷል። ጥና ይዘው የሚዞሩት ቄስ እዚያ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ፈጠነ፤ ዕጣኑ እንኳ በደንብ ሳይጨስ አለፉ። ከመዘምራኑ አንዱ፣ በድምፁ የታወቀ ሰው፣ ዓይኑን ወደዚያ ወርውሮ ዜማው ጠፋበት። ይህ በሃያ ዓመት ደርሶበት አያውቅም አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። «ያያል።»

«እኔን ነው የሚያየው» አሉ አንዲት ጠላ የሚሸጡ ሴት። «ጠላውን ውኃ ማብዛት ከተውኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አሁን ምን ኃጢአት ቀረብኝና ነው?»

«አይ አንቺ፣ እኔን ነው» አሏቸው ጎረቤታቸው። «ወዲህም ሄድኩ፣ ወዲያም ሄድኩ፣ አለቀቀኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ በየአቅጣጫው ሄደ። አንድ ገበሬ የገፋውን የድንበር ድንጋይ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ቦታው መለሰ፤ ጎረቤቱ መገፋቱን ያወቀው ሲመለስለት ነው፣ በዚህም ተጣሉ። ሰብሳቢው የወፍጮ ቤታቸውን ሚዛን ፈተው እንደገና አሰሩት። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «አቧራ ገብቶት ነው» አሉ። ለፎቶ ሲባል የሌላ አጥቢያ ሰው በሚኒባስ መምጣት ጀመረ። ለሐጂ የላክሁላቸው ፎቶ ደግሞ ከእሳቸው ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ መላው ከተማ ሄደ። ሐጂ ራሳቸው፣ «ያ የኔ አይደለም። የኔው የድንጋይ ዓምድ ነበር፣ ዓይን የለውም። ይኼን ብወግረው መልሶ የሚወግረኝ ይመስላል» አሉኝ። ፎቶውንም ከስልካቸው እንዳጠፉት ነገሩኝ።

እኔ ላይ ላዩን አዘንኩ። ውስጥ ውስጡን ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ እንደዚያ ያለ ደስታ አላውቅም። አዲስ አበባ በተማሪዎች ኤግዚቢሽን ሥዕሌ ፊት የቆመ ሰው ካለ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቅ ነበር። አሁን ሰው ሥዕሌን አይቶ ሚዛን ያስተካክላል።

ደስታዬ የተቀነሰው ቤቴ ስገባ ነው። አከራዬ ደጃፌ ላይ ጠበል ሲረጩ ደረስኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። የት አየኸው?»

«ምኑን፣ እማማ?»

«እሱን ነዋ። ሰው ሳያይ እንደዚያ አይሥልም። ዓይኑ ሕያው ነው። የት ነው ያየኸው?»

የእሳቸው መስታወት በበረንዳው ግድግዳ፣ ከራሳቸው በላይ፣ መልሼ በሰቀልኩት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «እንዲሁ በሐሳቤ ነው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ሐሳብ ቤቴ ውስጥ አታሳድር» አሉኝና የቀረውን ጠበል ራሴ ላይ አፈሰሱት። ለሁለት ሳምንት ያህል ስገባም ስወጣም ዓይኔን እንዳያዩት ወደ መሬት እያየሁ ነበር የማልፋቸው። እሳቸው ግን ትሕትና መስሏቸው፣ «ጠበሉ ሠራለት» ብለው ለጎረቤት አወሩ።

በሦስተኛው ሳምንት የደብሩ አለቃ አስጠሩኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራ ሥር ሽማግሌዎችና ኮሚቴው ተሰብስበዋል። አለቃው የደከማቸው ይመስላሉ።

«መምህር፣ ሰው ንስሐ መግባቱ መልካም ነው» ብለው ጀመሩ። «ግን ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት አይገባም። ካህናቱ እህል የሚቀምሱበት ጊዜ አጥተዋል። ትናንት አንድ ሰውዬ መጥቶ በልጅነቱ የሰረቀውን በቆሎ ሲናዘዝ ዋለ። የእያንዳንዱን እሸት።»

«ኃጢአት መናዘዝ ጥሩ አይደል?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጥሩ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰብክ ያልመጣው ሰው ሰይጣን አንድ ጊዜ ስላየው ሲመጣ ግን፣ እኔ ሥራዬ ምንድነው? በዚያ ላይ ለእመቤታችን ሥዕል ጀርባቸውን ሰጥተው ነው እሱን የሚጠብቁት። እንዳያመልጣቸው ነው መሰለኝ።»

መጋረጃ ይጋረድበት ተባለ። ተጋረደበት። ይህ የባሰ ሆነ። የሚጋረድ ነገር የከበረ ነገር ነው፤ አንዳንድ ሽማግሌ ሴቶች ሳያስቡት መጋረጃውን ይሳለሙ ጀመር። አለቃው ይህን ያዩ ዕለት መጋረጃውን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ቀጥሎ የሆነውን ኮሚቴው አልወሰነውም። አንዲት መነኩሲት፣ ኑሯቸው እዚያው ግቢ የሆነ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ገብተው በምርኩዛቸው ጫፍ የግራ ዓይኑን ወጉት። ሊያጠፉት ነበር። የብረት በር ቀለም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዓይኑ አልጠፋም፤ ከዓይኑ በላይ ያለው የቀለም ቆዳ ብቻ ወደ ታች ተልጦ ግማሹን ሸፈነው።

በማግስቱ እሑድ አንዲት ወጣት ሴት ከቤተ ክርስቲያን በንዴት ወጣች። ምን ሆነሽ ሲሏት፣

«ጠቀሰኝ» አለች።

እውነቷን ነው። ሄጄ አየሁት። አንዱን ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ በሌላው አተኩሮ፣ ጥርሱን ገልጦ ይጠቅሳል። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈራ ነበር፤ አሁን ባለጌ ሆነ። ባሎች ተቆጡ። አንዱማ እኔ ጋ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «መምህር፣ ያንተ ሰውዬ ሥርዓት ይያዝ» አለኝ። እንደ ዘመዴ አድርጎ ነው የተናገረው። ርዕሰ መምህሩ ቆመው ይሰሙ ነበርና የማን ሰውዬ እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ።

መሪጌታ የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ጥርስ ጎድሏቸዋል፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ወሬውን ገና ደሴ ሳሉ ሰምተውታል። ከበቅሎ ወርደው ቀጥታ ወደ ደቡቡ በኩል ሄዱ። እኔ ከኋላቸው፣ ሰብሳቢው ከኔ ኋላ፣ አለቃው ከሰብሳቢው ኋላ። መሪጌታ ፊቱ ቆሙ። ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ሄዱ። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር።

«እጁ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ክንፉም ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፊቴን አዩ፣ ወደ ሥዕሉ ዞሩ፣ እንደገና ወደ እኔ። ሳቃቸውን ዋጡ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብለው፣ «ዓይኑ ያንተ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«አትንገር። እዚህ አገር ሚስት ማግባት ትፈልግ ይሆናል።»

ከዚያ ለቆሙት ሁለት ሰዎች፣ ነገ እንደሚስተካከል፣ መሰላል ብቻ እንደሚያስፈልግ ነገሯቸው። አለቃው እፎይ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። መሪጌታ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙኛል። መጀመሪያ ፊቱን በሙሉ በጥቁር ሸፈንኩት። የራሴን ዓይን በብሩሽ ስሸፍን እጄ ትንሽ ከበደኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ዓይን ሠርቼ አላውቅም።

«አሁን አፍንጫውን ወደ ቀኝ አውጣ። እንዲያ። አገጩን አሹለው። ጢም ጨምርለት። አሁን ዓይኑን አንድ አድርገህ፣ ወደ እሳቱ ይይ።»

ሠራሁት። ሰይጣኑ ከኛ ፊቱን አዙሮ የራሱን እሳት ማየት ጀመረ። ከመሰላሉ ወርጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩና ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቅኳቸው።

«ያኔ ያልነገርኩህ ስለማላውቀው ነው» አሉኝ። «መምህሬን ብጠይቃቸው በአለንጋ ነው የመለሱልኝ። ደሴ ተኝቼ ግን፣ ያንተን ሥራ ወሬ ስሰማ፣ አስብበት ነበር። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ። እየው፣ ይኼ የሚመጣው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲታይ ነው የሚከርመው። ሊቀመንበሩ ያየዋል፣ ጎረቤቱ ያየዋል፣ አማቱ ታየዋለች። እዚህ ሲመጣ በፍቅር የሚያየው ይፈልጋል። ስለዚህ ጻድቁ ሁለት ዓይኑን ያደርግለታል። ይኼኛውን ደግሞ እሱ ይየው እንጂ፣ ይኼኛው እሱን አይየው። ትንሽ ይረፍ ሰውዬው።» ድዳቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ። «ይኼ የኔ ሐሳብ ነው። መምህሬ ሌላ ምክንያት ኖሯቸው ይሆናል» አሉ።

ሴቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቄሱ ሲያጥኑ እርምጃቸው እንደ ቀድሞው ረጋ አለ። በሚኒባስ የሚመጣው እንግዳ አንድ ሁለት ሳምንት መጥቶ፣ «ይኼ ነው ወይ?» ብሎ ቀረ። የንስሐው ሰልፍም አለቀ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አለቃውን የገበያ ዕለት መካነ ሰላም መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ተሳለምኳቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። ሊሄዱ ሲሉ መለስ ብለው፣

«መምህር፣ የዓቢይ ጾም ሊገባ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውም እንደ ድሮው ሆኗል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ብቻ… አይ፣ ተወው።» ሄዱ።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ በየሄዱበት ይዘውኝ ሄዱ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር በቅሎዋን ተከትዬ ነበርኩ። በሚቀጥለው ክረምት ከላላ አጠገብ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ነጩን የጊዮርጊስን ፈረስ ሰጡኝ። ይህ ትልቅ ሹመት ነው። በጥንቃቄ ሠራሁት፤ ከታች ያለውን ዘንዶ ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ተውኩ። ዘንዶውን ማንም አልተቸም። ሰባት ጥርስ አድርገው፣ ጆሮ ሰጥተው፣ አረንጓዴ ቀብተው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ አይቶ «ልክ ነው» አለ።

ፈረሱን ግን የገበያ ዕለት ወደ ከላላ የሚያልፍ ሁሉ ገብቶ ያያል። አንዱ ጉልበቱ ወደ ኋላ ታጠፈ ይላል፤ ሌላው እንዲህ ያለ አንገት ያለው ፈረስ ዳገት አይወጣም ይላል። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ምንም ሳይናገሩ አይተውት ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የራሳቸውን ፈረስ ይዘው ተመለሱ። ሰንበቴው ቤት ደጃፍ ላይ በጎኑ አቆሙት፣ ልጓሙን ያዙ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

«በል፣ አንተ ሣል። እኔ አልቸኩልም» አሉኝ።

እስኪመሽ ድረስ ቆሙልኝ።